ዓፄ ምኒልክን የጣለው በሽታ አስኮ ሲመጣ አላወቅኩትም

በየዓመቱ የዓፄ ምኒልክን የመጨረሻ ዓመታት ሳስተምር ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ግን በሽታቸው ምን ነበር?» ይለኛል። የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ። «ሽባ ሆኑ፣ አንደበታቸው ተዘጋ» እልና ወደ ልጅ ኢያሱ አልፋለሁ። ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነዋ! ዛሬ ያለፍኩትን ልመልስ።

በሽታው ዛሬ ስትሮክ የምንለው ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ይመጣል። ንጉሡን የመታቸው አንዴ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው በ1898 ዓ.ም. ነው፤ የአክስታቸው ልጅ ራስ መኮንን ያረፉበት ዓመት። ከዚያ ተሻላቸው፣ ሥራቸውን ቀጠሉ፣ በጥቅምት 1900 ሚኒስትሮችን ሾሙ። በሽታው ግን ተመለሰ። ደብረ ሊባኖስ ሄደው ፀበል ተጠመቁ። ሐኪምም አላጡም፤ ከጓዴሎፕ የመጣው ዶክተር ዮሴፍ ቪታሊየን የግል ሐኪማቸው ነበር። በግንቦት 1901 ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆኑ ታወጀ። በጥቅምት 1902 ደግሞ ከባዱ መጣ። አካላቸውም አንደበታቸውም ተያዘ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እንደራሴ ናቸው ቢባልም ሥልጣኑን የያዙት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። በመጋቢት 1902 መኳንንቱ ተባብረው እቴጌን ከሥልጣን አወረዱ። በሚያዝያ 1903 ራስ ተሰማም አረፉ። ምኒልክ ከአራት ዓመት በላይ አልጋ ላይ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዐረፉ፤ ሞታቸው ግን ለሕዝቡ አልተነገረም። ነገሩ እየተንከባለለ ሄዶ በጥቅምት 1909 በሰገሌ ሜዳ ስንት ሺህ ሰው አለቀ። የአንድ ሰው አንጎል ውስጥ የተበላሸ ደም ስር አገር አናወጠ ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ንጉሡ ሲታመሙ ከተማው ውስጥ «መርዝ አብልተዋቸው ነው» የሚል ወሬ ነግሦ ነበር። ሌላው ቀርቶ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ራሱ ይህንኑ ብሎ ትልቅ ውዝግብ አስነስቷል። ይህን ለተማሪ ስነግር እስቅ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ግን ሳቄን ዋጥኩት።

ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚሁ አስኮ፣ አጎቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። ስኒው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። «ጋሼ፣ ምነው?» ስላቸው አፋቸው ወደ አንድ በኩል ተጣሞ የማይገባ ነገር ተናገሩ። ቤቱ ተተራመሰ። አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወጣች። ሌላው «ለክፏቸው ነው» አለ። እኔ የተማርኩት ሰውዬ ደግሞ ትኩስ ሻይ በሎሚ አስፈላሁላቸው። ትን አላቸው። ትንሽ ተኛ ሲሉ «በቃ ይደርና ጠዋት እንወስዳቸዋለን» ተባባልን።

ጠዋት ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «መቼ ጀመራቸው?» ብሎ ነው። «ማታ አንድ ሰዓት» ስለው ዝም አለ። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አጎቴ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሰም።

ልዩነቱን አስቡት። በ1902 ለምኒልክ በርሊንም ለንደንም ቢሄዱ መድኃኒት አልነበረም። የተዘጋውን ከፈነዳው የሚለየው ሲቲ ስካን ሰው ላይ የተሞከረው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ለስትሮክ እንደሚሠራ የታየው ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ.። ያውም የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። እርግጥ ነው፣ መድኃኒቱ እኛ አገር በየሆስፒታሉ አይገኝም፣ ውድም ነው። ግን ምርመራውና እንክብካቤው ብቻውን ብዙ ያድናል። ንጉሥ ያላገኘው ዕድል ነበረን፤ እኛ ሻይ አፈላን።

ስለዚህ ይህችን እንደ ታሪክ ቀን በቃላችሁ ያዙልኝ፦ ፊት፣ እጅ፣ ንግግር፣ ሰዓት።

ፈገግ በሉ በሏቸው፤ ፊታቸው በአንድ በኩል ይወርዳል? ሁለቱንም እጅ ያንሱ፤ አንዱ ይዝላል? አንድ ዓረፍተ ነገር ይድገሙ፤ ይንተባተባሉ? ከሦስቱ አንዱ በድንገት ከመጣ ሰዓታችሁን እዩ። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበሩበትን ሰዓት ጻፉ፤ ሐኪሙ የሚፈልገው እሱን ነው።

የሚበላም የሚጠጣም አትስጡ፣ ውኃም ቢሆን፤ መዋጥ ስለሚያቅታቸው ወደ ሳንባ ይገባል። አስፕሪንም አትስጡ፤ የፈነዳ ደም ስር ከሆነ ያባብሰዋል። ካስመለሳቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ በጎን አስተኟቸው። የሚወስዱትን የግፊትና የስኳር ኪኒን ይዛችሁ ሂዱ። «ተሻላቸው» ብላችሁም አትቅሩ። የ1898ቱን አስታውሱ፤ ለምኒልክም ተሽሏቸው ነበር።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እሳትና አደጋ 939። የጥቁር አንበሳው የማደንዘዣ ባለሙያ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው የጀመሩት ጠብታ አምቡላንስ ደግሞ 8035። አምቡላንሱ ከዘገየ ራይድም ላዳም ያዙ። ከአስኮ ጳውሎስ ሩቅ አይደለም፤ ሩቅ ያደረግነው እኛ ነን።

ፀበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ፀበሉ ግን ነገም አለ፤ ያቺ አራት ሰዓት ተኩል የለችም።

አሁን ስልካችሁን አስቀምጡና ይህን ለእናት ለአባታችሁ አንብቡላቸው። የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይኼ የቤት ሥራ ነው። ኮሜንት ላይ «አነበብኩላቸው» በሉኝ፣ እርማቱን እኔ እሰጣለሁ።