የሽማግሌው ትዝታ በቄሱ ብዕር

እ.ኤ.አ. በ1851 በእንግሊዝ አገር «የክሪኬት ሜዳ» የተሰኘ መጽሐፍ ታተመ። ደራሲው ቄስ ጄምስ ፓይክሮፍት ነው። የመጽሐፉ መሠረት ግን ሌላ ሰው በእጁ የጻፈው፣ ከአንድ አረጋዊ ተጫዋች አፍ የተቀዳ ጽሑፍ ነበር። የዛሬው ታሪካችን ስለዚያ ጽሑፍ ነው።

አረጋዊው ዊልያም ፌኔክስ ይባላል። ከ1780ዎቹ ጀምሮ ለሠላሳ ዓመታት ያህል በታላላቅ ግጥሚያዎች ተሰልፏል፤ እንጀራውም ከዚያው ነበር። ክሪኬትን ላላየ ሰው፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ደግሞ በእንጨት መምቻ እየመከተ ከኋላው የተተከሉትን ቋሚ እንጨቶች ይጠብቃል፤ ኳሷን አርቆ ሲመታም እየሮጠ ነጥብ ያስቆጥራል። በፌኔክስ ወጣትነት ዘመን መቺው ከመስመሩ ብዙም ሳይርቅ ኳሷ እስክትደርስ ይጠብቅ ነበር። ፌኔክስ ግን ወደ ፊት ተዘርግቶ ኳሷ መሬት ነክታ ከምትነሣበት ቦታ ተቀበላት። አባቱ ይህን ሲያይ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው እንዳላየ መናገሩን ልጁ በስተርጅና ያወሳ ነበር።

እንዲህ ያለው ታሪክ በቀላሉ ሊጠፋ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1825 ለንደን በሚገኘው የሎርድስ ሜዳ እሳት ተነሥቶ በዚያ የተቀመጡትን የክሪኬት መዛግብት በላ። ወረቀቱ ሲቃጠል የቀረው በጥቂት አረጋውያን ልብ ውስጥ ያለው ትዝታ ነበር። እነርሱም አንድ በአንድ እያለፉ ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው ቄስ ጆን ሚትፎርድ ብቅ የሚለው። ሚትፎርድ በሰፎክ አውራጃ የቤንሆል አጥቢያ ቄስ ነበር። ከስብከቱ ይልቅ በመጻሕፍት ፍቅሩ ይታወቃል፤ የቀደሙ ባለቅኔዎችን ሥራዎች አዘጋጅቷል፤ አንድ ታዋቂ የለንደን መጽሔትንም ለዓመታት መርቷል። ለእረኝነት የተፈጠረ ሰው አይደለም ብለው ያሙት ወዳጆችም ነበሩት። ሆኖም ይህ የተማረ ሰው ያረጀውን ተጫዋች በቤንሆል አስጠጋው፤ ተቀምጦም አዳመጠው። የሰማውን ጻፈ፤ የጻፈውንም በሥርዓት አደራጀ።

ፌኔክስ በ1838 ሞተ። ሚትፎርድ ጽሑፉን በራሱ ስም አላሳተመውም፤ ለፓይክሮፍት ሰጠው። መጽሐፉ ሲወጣ ተናጋሪው ካረፈ 13 ዓመት ሆኖት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰው ስለ ራሱ የተናገረውን እንዴት እናምናለን? ያረጀ ጀግና ጀብዱውን ቢያሳምር አይደንቅም። ፓይክሮፍት የሚትፎርድን ጽሑፍ ብቻ ይዞ አልቀረም። በ1837 ሌላውን ስመ ጥር ተጫዋች ዊልያም ቤልድሃምን ቲልፎርድ መንደር ድረስ ሄዶ አነጋግሮት ነበር። ቤልድሃምም ወደ ፊት ወጥቶ መምታትን የጀመረው ፌኔክስ መሆኑን መሰከረ። ቤልድሃም ራሱ ታላቅ መቺ ነበርና ክብሩን ለራሱ መውሰድ ይችል ነበር። ለባልንጀራው መስጠቱ ቃሉን ይበልጥ የታመነ ያደርገዋል። ታሪክ የሚጠናው እንዲህ ነው፤ አንዱን ምስክር ሰምቶ ሁለተኛውን በመፈለግ።

ስለ ፌኔክስ የሚነገር አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። በሰባዎቹ ዕድሜው ዣንጥላ፣ ቅያሪ ልብስና ሦስት የክሪኬት መምቻ ተሸክሞ በሦስት ቀን 90 ማይል፣ ማለትም 145 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በእግሩ ተጉዟል ይባላል። ያረጀው ሰው መምቻዎቹን አለመጣሉ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ይህን የመሰለ ነገር በነጥብ መዝገብ ላይ አይገኝም፤ የሚገኘው ሰውየውን ቀርቦ ካወቀ ሰው ነው።

ውድ ወጣቶች፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ሚትፎርድ የተጠቀመው ብዕር፣ ወረቀትና ትዕግሥት ብቻ ነው። በየቤታችንና በየአጥቢያችን ጥግ ይዘው የሚቀመጡ፣ ማንም ያልጠየቃቸው አባቶችና እናቶች አሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደብተር ይዘን አጠገባቸው ብንቀመጥስ? ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን እንጠይቅ፤ የሰማነውን በዚያው ቀን እንጻፍ፤ ከዚያም ያንኑ ነገር የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው እንፈልግ። ፌኔክስ የሚሰማው ሰው ያገኘው በመጨረሻው ሰዓት ነው።