ከዛር ቤት እስከ ቴፕ ክፍል፦ የሀሊም ኤል-ዳብህ የድርሰት መንገድ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ ላይ ያተኩራል። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ሀሊም ኤል-ዳብህ በ1921 ካይሮ ውስጥ ተወለዱ፤ በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ግብርና ቢሆንም ልባቸው ሁልጊዜ ከሙዚቃ ጋር ነበር። በ1944 ከአንድ የካይሮ ሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ ድምፅ መቅረጫ ተውሰው ሴቶች ወደሚያካሂዱት የዛር ሥርዓት ገቡ። የቀረጹትን ወደ ጣቢያው ወስደው ሠሩበት፤ ውጤቱንም በዚያው ዓመት በካይሮ ለአድማጭ አቀረቡ። ይህ ሥራ ዛሬ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀደምት ድርሰቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡርና የሌሎች ነገሮችን ድምፅ ቀርጸው ያዘጋጇቸውን ድርሰቶች በሬዲዮ ያሰሙት በ1948 ስለሆነ «ማን ቀደመ?» የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈጅቷል። እኔ ይህ የሩጫ ውድድር እምብዛም አይማርከኝም። ይልቅስ ሊጠየቅ ይገባል የምለው ሌላ ነው፤ በዕለቱ ተፈጥሮ በዕለቱ ከሚያልፍ ክዋኔ ወደ ተጠና ድርሰት የተሄደው በምን መንገድ ነው? በመንገዱስ ላይ ምን ቀረ?

የተለመደው ትረካ ቀላል ነው። ዛሩ ጥሬ ዕቃውን ሰጠ፤ ደራሲው ቅርፅ ሰጠው ይባላል። ይህ አባባል ለእኛ አገር አንባቢ ወዲያው ሊጎረብጠው ይገባል። ብዙ ተመራማሪዎች የግብፅና የሱዳን ዛር መነሻው ከኢትዮጵያ እንደሆነ ያምናሉ፤ የእኛን ዛር ደግሞ በመጠኑም ቢሆን እናውቀዋለን። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ ከመልካም አየሁ ቤት ተቀምጠው የመዘገቡትን ያነበበ ሰው፣ እያንዳንዱ ዛር የራሱ ዘፈን፣ የራሱ ፉከራ፣ የራሱ ጉሪ እንዳለው ይረዳል። ከበሮ መቺዋ ፈረሱ ላይ የወጣው ዛር ማን እንደሆነ ለይታ ምቱን ትቀይራለች። ማንም እንዳሻው የሚጮህበት ቦታ አይደለም። ቅኔ የሚዘርፍ ደብተራ ቃሉን ያን ዕለት ቢያፈልቀውም ልኩን ከመምህሩ እንደተቀበለው ሁሉ፣ የዛር ዘፋኝም ድንገተኛ ፈጠራዋን የምትፈጥረው ቀድሞ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። እንግዲህ ቅርፁ ኤል-ዳብህ መቅረጫቸውን ከመክፈታቸው በፊትም ነበረ።

በሌላ በኩል በሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ የሆነውን እንመልከት። ኤል-ዳብህ በኋላ ለጠያቂዎቻቸው ሲናገሩ፣ አስቀድሞ የተነደፈ እቅድ እንዳልነበራቸው፣ በመሣሪያዎቹ እየተጫወቱ እንደጀመሩ ገልጸዋል። ጣቢያው የገደል ማሚቶ የሚፈጥር ክፍልና ግድግዳዎቹ የሚንቀሳቀሱ አንድ የመቅረጫ ክፍል ነበሩት። ድምፁን በዚያ ክፍል አሰምተው እንደገና ይቀርጹታል፤ ግድግዳውን ገፍተው ደግመው ይሞክራሉ። በዚህ ላይ የሽቦውን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ማግኔታዊ ቴፕ በምላጭ ተቆርጦ በማጣበቂያ ይያያዛል፤ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የብረት ሽቦ ግን ከተበጠሰ የሚቀጠለው በቋጠሮ ነው። ቆርጦ ለመቀጠል እጅግ አስቸጋሪ ስለነበረ ድምፅን የመለወጫው ዋና መንገድ ደጋግሞ መቅረጽ ሆነ።

ታዲያ ድርሰቱ የት ላይ ተጀመረ? እኔ እንደማምነው በመቀነስ ላይ ነው። ኤል-ዳብህ የሴቶቹን ድምፅ መሠረት እያነሱ፣ ዋናውን ድምፅ አጅበው የሚወጡትን ቀጫጭን ከፍተኛ ድምፆች ብቻ አስቀሩ። እነዚህ እርስ በርስ ሲጋጩ የሚፈጥሩት ርግብግቢት የሥራው አካል ሆነ። ራሳቸው ሥራውን ድንጋይ ከሚጠርብ ቀራፂ ተግባር ጋር ያመሳስሉት ነበር። የማሻሻል ጥበባቸው እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ምን መጨመር እንዳለበት ሳይሆን ምን መሄድ እንዳለበት በጆሮ መወሰን።

ነገር ግን የሄደው ማን ነው? የሴቶቹ ድምፅ የማን እንደሆነ እስከማይታወቅ ድረስ ተጠርቧል። ሌሪስ የመልካም አየሁን ስም አቆይተውልናል፤ የካይሮው ድርሰት ሲወሳ ግን የሚጠራው የደራሲው ስም ነው። ኤል-ዳብህ ይህን ያደረጉት በንቀት ነው አልልም፤ ለዛር የነበራቸው አክብሮት በቀሪ ሥራዎቻቸው ሁሉ ይታያል። ሆኖም ለታሪክ ተማሪ ይህ የጥበብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ውብ የሆነው ቅነሳ ማስረጃንም ይቀንሳል። ከሃያ ደቂቃ በላይ ይወስድ ከነበረው ሥራ በ2000 በሲዲ የታተመው ሁለት ደቂቃ ገደማ ብቻ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይከብዳል።

ኤል-ዳብህ በ1950 ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1959 በኒውዮርክ የኮሎምቢያ-ፕሪንስተን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ውስጥ ከሌይላና መጅኑን ታሪክ የተነሣውን «ሌይላና ገጣሚው» የተሰኘ ሥራ አዘጋጁ። አሁን በእጃቸው የነበረው ሽቦ ሳይሆን ቴፕ ነው፤ ድምፅን ቆርጦ መድገም፣ ማፍጠንና ማዘግየት፣ የሰው ንግግርን ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር ማደባለቅ ተቻለ። በማዕከሉ ብዙዎቹ በሒሳብ ስሌት ሲደርሱ እሳቸው የሰውን ድምፅና የከበሮን ምት አልለቀቁም።

ከዚያም ወደ እኛ መጡ። ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1963 ለተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም የመጀመሪያው መሪ ሆኑ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንትና መለከት በልማዳቸው አንድ ላይ የሚቀመጡ አልነበሩም፤ እያንዳንዱ የራሱ አውራጃ፣ የራሱ ወቅት፣ የራሱ ባለሙያ አለው። ከቴፕ ክፍል የወጣ ደራሲ እነዚህን ባለሙያዎች ፊት ለፊት አገኘ። ድምፅን ከቴፕ ላይ ቆርጦ መጣል ይቻላል፤ ማሲንቆ መቺን ግን በምላጭ ቆርጦ የሚጥል የለም። ይከራከራል፤ «እኔ ዘንድ እንዲህ ነው የሚባለው» ይላል። ስለዚህም ነው የአዲስ አበባውን ዘመን ከሕይወት ታሪካቸው ጎን እንደ ተለጠፈ ምዕራፍ የማላየው። የካይሮው ጥያቄ፣ ማለትም በዕለቱ የሚፈጥረውን ሰው ሳያጠፉ እንዴት ይደረሳል የሚለው፣ እዚህ በሕያዋን ሰዎች መካከል ተነሣ። ኦርኬስትራው ከእሳቸው በኋላም በተለይ በተስፋዬ ለማ መሪነት ለዓመታት ዘልቋል።

«ሌይላና ገጣሚው» በሸክላ የታተመው በ1964፣ የአዲስ አበባ ቆይታቸው በተጠናቀቀበት ዓመት ነው። ኤል-ዳብህ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተምረው በ2017 በዚያው በኬንት ከተማ አረፉ።

አሁን ሁለቱን ደቂቃ አሰማችኋለሁ። የሴቶቹን ድምፅ ፈልጉ፤ ከዚያ ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።