ኬላን ያለፉ ቅርሶች

የቀድሞው ኬላ ጠባቂ የሚመረምረው የሸቀጡን ቀረጥ እንጂ የዕቃውን ዕድሜ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1932 የማርሴል ግሪዮል የጥናት ጓድ፣ በጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አውርዶ፣ በምትካቸው አዲስ ቅጅ አስለጥፎ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ ዛሬም በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ቅጅው ለጸሎት ያገለግል ይሆናል፤ ለታሪክ ግን ምስክር አይሆንም።

በ1966 የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 229 ከ1850 ዓመተ ምሕረት በፊት የተሠራው ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ከለከለ። ነገር ግን የዘመኑ ወሰን ራሱ ቀዳዳ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው መስቀል፣ የተሰፋው መሶብ፣ የተጠረበው ብርኩማ፣ ይኸውም የባህል መርማሪ አብዝቶ የሚፈልገው ሁሉ፣ ከጥበቃው ውጭ ቀረ። በ2000 የታወጀው ቍጥር 209 የዕድሜን ወሰን ትቶ በዋጋው መዘነ፤ ቅርስ ከአገር የሚወጣውም ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለትርኢት በሚኒስትሩ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ደነገገ።