የአልትራቫዮሌት መብራት በትምህርት ቤት መድረክ

የአልትራቫዮሌት መብራት፣ በተለምዶ «ጥቁር መብራት»፣ ዓይን የማያየውን ጨረር በጨለመ መድረክ ላይ በመልቀቅ፣ ጨረሩን ውጠው የሚፈኩ ነገሮች ብቻ ለተመልካች እንዲታዩ የሚያደርግ የቴአትር ብርሃን ዘዴ ነው። በትምህርት ቤት ትርኢቶች የባሕር ውስጥ ሕይወት፣ የጠፈር ጉዞ፣ የአፅም ጭፈራ ወይም የሕልም ትዕይንት ሲቀርብ ይዘወተራል። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ጥቁር የለበሰ ልጅ በዘንግ ላይ የታሰረ የካርቶን ዓሣ ሲያንቀሳቅስ፣ ተመልካቹ የሚያየው የሚዋኝ ዓሣ ብቻ ነው።

የማይታየውን ጨረር እ.ኤ.አ. በ1801 ያገኘው ጀርመናዊው ዮሃን ሪተር ሲሆን፣ አንዳንድ ነገሮች ይህን ጨረር ውጠው በሚታይ ብርሃን መልክ እንደሚመልሱት በ1852 ያብራራው ጆርጅ ስቶክስ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ደግሞ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ውድ የሚታየውን ብርሃን አግዶ አልትራቫዮሌቱን የሚያሳልፍ ኒኬል ኦክሳይድ ያለበት ጥቁር መስታወት ሠራ። ዛሬም የጥቁር መብራት ሸምበቆዎች ሳይበሩ ጠቆር ያለ ሐምራዊ መስለው የሚታዩት በእንዲህ ዓይነቱ መስታወት ምክንያት ነው።

ዘዴውን ወደ መድረክ ካወጡት መካከል አስማተኞች ይገኙበታል። በ1930ዎቹ በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ ቦብና ጆ ስዊትዘር የተባሉ ወንድማማቾች በአባታቸው መድኃኒት ቤት መደርደሪያዎች ላይ በጥቁር መብራት የሚፈኩ ነገሮችን ፈልገው ቀለም መቀመም ጀመሩ። ጆ ትርፍ ጊዜውን በምትሃት ትርኢት የሚያሳልፍ ሰው ስለነበር የቀለሙ የመጀመሪያ አገልግሎት እዚያው መድረክ ላይ ሆነ። ሥራቸው እያደር «ዴይግሎ» የተባለውን የቀለም ኩባንያ ወለደ። በአውሮፓ የፕራጉ ይርዢ ስርኔትስ በ1961 ጥቁር ቴአትሩን መሠረተ። የእርሱ ጥበብ መሠረቱ ጥቁር ከፋይ፣ ጥቁር ልብስና ጠባብ የብርሃን መስመር ሲሆን፣ አልትራቫዮሌት ከዚህ ጋር ተዳብሎ ዛሬ ከፕራግ የጎብኚ መስህቦች አንዱ ሆኗል። ትምህርት ቤቶች የሚሠሩበት መንገድ በአብዛኛው የዚህ ቴአትር ቅጂ ነው።

የትዕይንቱ ዕጣ የሚወሰነው ከመብራቱ ብዛት ይልቅ በጨለማው ጥራት ነው። ብዙ ዝግጅት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ለመብራት ወጥቶ መስኮቱ ይረሳል። ቀን በሚቀርብ ትርኢት ከመጋረጃ ጠርዝ የሚገባ የፀሐይ ብርሃን፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የምስማር ቀዳዳ የሚወርድ ጨረር፣ ሌላው ቀርቶ የተመልካች ስልክ እንኳ ፍካቱን ያደበዝዘዋል። መስኮቱን በወፍራም ጥቁር ላስቲክ መሸፈን ተጨማሪ መብራት ከመግዛት ይበልጣል። ለኋላ መጋረጃ የሚመረጠው ከፋይ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጨርቅ ብርሃን ይመልሳል።

ጥቁር ልብስም ሁልጊዜ ጥቁር ሆኖ አይገኝም። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት፣ በሰፈር አጠራር ኦሞ፣ ነጭ ልብስን ይበልጥ ነጭ የሚያስመስል ፈኪ ንጥረ ነገር አለው። ስለዚህ በኦሞ የታጠበ ነጠላ ወይም ነጭ ሸሚዝ በጥቁር መብራት ሥር ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። ለዳንሰኞች ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ጌጥ ነው። መደበቅ ያለበት ልጅ ሱሪ ላይ የተጣበቀ የነጭ ጨርቅ ብናኝ ግን እንደ ኮከብ ይታያል፤ ነጭ የጫማ ክርና ሶልም እንዲሁ። ከትዕይንቱ በፊት ልጆቹን መብራቱ ሥር አቁሞ አንድ በአንድ መፈተሽ የዘርፉ የቆየ ልማድ ነው።

ፈኪ ቀለም ስስ ስለሆነ ነጭ መደብ ላይ ሲቀባ ይደምቃል፤ ፀሐይ ላይ ከቆየ ይደበዝዛል። ወጪ ለመቀነስ ብጫ ሃይላይተርም ያገለግላል፤ ሆኖም ተራ ነጭ ወረቀት ራሱ ሰማያዊ ስለሚፈካ የተጻፈው ሊዋጥ ይችላል። ለፊትና ለእጅ የሚቀባው ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ቀለም ብቻ ነው፤ የሥዕል ቀለም ቆዳ ላይ መቀባት የለበትም።

ከመብራቶቹ 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 36 ዋት ሸምበቆ ለትንሽ መድረክ ይበቃል፤ ከመድረኩ ፊት ወለል ላይ ተደርድሮ ከተመልካች ዓይን በጣውላ ይከለላል። ትልልቆቹ የሜርኩሪ መብራቶች ርቀት ላይ ያለን ነገር ቢደርሱም ለመሞቅ ደቂቃዎች ይፈልጋሉ፤ ከጠፉም ወዲያው አይነሱም። በመሆኑም ቀድመው በርተው በክዳን ይሸፈናሉ። ኤልኢዲ ከሆነ 365 ናኖሜትር የሚለውን መምረጥ ይሻላል። ርካሾቹ ባለ 395 እና 405 መብራቶች ሐምራዊ ብርሃናቸው ራሱ ስለሚታይ ተደባቂውን ልጅ ያጋልጣሉ። ርቀትም ወሳኝ ነው፤ ከአንድ አምፖል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ጨረር ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል።

ለመድረክ የሚውለው ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው፣ ዩቪ-ኤ የሚባለው ክፍል ነው። ተገቢው መብራት ለአጭር ትዕይንት በአግባቡ ሲሠራበት እምብዛም አያሰጋም፤ ነገር ግን ኃይለኛ መብራት በቅርብ ዓይን ላይ ማነጣጠር አይገባም። በ2023 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከተካሄደ አንድ ድግስ በኋላ ብዙ ተጋባዦች የዓይን ሕመም ሲገጥማቸው፣ አዘጋጁ ባስደረገው ምርመራ ምክንያቱ በአዳራሹ ጥግ የነበሩ የዩቪ-ኤ መብራቶች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ አስታውቋል። አልቢኒዝም ወይም ሉፐስ ያለበት፣ እንዲሁም እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ ቆዳን ለጨረር የሚያጋልጥ መድኃኒት የሚወስድ ተማሪ ስለሚኖር ወላጆችን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በጨለማ የሚንቀሳቀሱ ልጆች እንዳይወድቁም የመድረኩ ጠርዝ በፈኪ ፕላስተር ይሰመርበታል።

ተህዋስያንን ለመግደል የሚሸጠው ባለ 254 ናኖሜትር የዩቪ-ሲ መብራት ከሸምበቆ መብራት ጋር በቅርጹ ይመሳሰላል፤ ዋጋው ቢረክስም፣ ቢዋስም፣ ቆዳና ዓይን በአጭር ጊዜ ስለሚያቃጥል ልጆች ባሉበት መድረክ ላይ ፈጽሞ አይበራም። ከመግዛትዎ በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን የናኖሜትር ቁጥር ያንብቡ፤ ቁጥር ያልተጻፈበትን አይግዙ።