ከመለያ ቁጥር ወደ መቆለፊያ፦ የአንድ የዩኒክስ ጥያቄ ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ፕሮግራም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሌላ ቅጂው አስቀድሞ እየሠራ መሆን አለመሆኑን በምን ያረጋግጣል? ሳያረጋግጥ ከጀመረ ሁለቱ በአንድ መዝገብ ላይ እየተደራረቡ ይጽፋሉ፤ መረጃውም ይበላሻል።

እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፋይል የሚቆልፍ የከርነል ጥሪ አልነበረውም። ስለዚህ የፋይሉ መኖር ራሱ እንደ መቆለፊያ ተቆጠረ። በ1979 ከሰባተኛው እትም ጋር የወጣው ዩዩሲፒ የስልክ መስመር ሲይዝ ምልክት የሚሆን ፋይል ይፈጥር ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ በድንገት ሲሞት ፋይሉ ይቀራል፤ ነጻው መስመርም እንደ ተያዘ ይታያል።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር በፋይሉ ውስጥ ይጻፍ ጀመር። መርማሪው ቁጥሩን አንብቦ ዜሮ ሲግናል ይልካል፤ ይህ ሲግናል ማንንም አይነካም፣ የፕሮሰሱን መኖር ብቻ ይጠይቃል። «ፈቃድ የለህም» የሚለው መልስም ፕሮሰሱ አለ ማለት ነው፤ ብዙዎች ግን ሞቷል ብለው ይተረጉሙታል። ከዚህ የከፋው ቁጥሮች ተመልሰው መታደላቸው ነው። በሰባተኛው እትም ቆጠራው 30000 ሲደርስ እንደገና ይጀምር ነበር። ስለዚህ የሟቹን ቁጥር ሌላ ፕሮሰስ ወርሶት ሊገኝ ይችላል፤ የማቆሚያው ትእዛዝም በንጹሑ ላይ ይወርዳል።

እውነተኛው ለውጥ በ1983 ከ4.2ቢኤስዲ ጋር መጣ። ፍሎክ የተባለው ጥሪ መቆለፊያውን በከርነሉ እጅ አኖረ፤ ያዡ ፕሮሰስ ሲሞት ከርነሉ ራሱ ይለቅቀዋል። የፖዚክስ መቆለፊያ ግን የራሱ ወጥመድ አለው፤ ፕሮሰሱ ያንኑ ፋይል በሌላ በኩል ከፍቶ ቢዘጋው እንኳ መቆለፊያው ይጠፋል።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር ከዚሁ ታሪክ የተቀዳ ነው። ፋይሉን ክፈቱ፤ ሳትጠብቁ ለመቆለፍ ሞክሩ፤ ከተሳካላችሁ በኋላ ብቻ የቀድሞውን ቁጥር አጥፍታችሁ የራሳችሁን ጻፉ። ሥራ ስትጨርሱ ፋይሉን አትሰርዙት፤ አንዱ አሮጌውን፣ ሌላው በዚያው ስም የተፈጠረውን አዲሱን ቆልፈው ሁለቱም ባለቤት ነኝ ሊሉ ይችላሉና።

ሊኑክስ በ2019 ሲግናልን በቁጥር ሳይሆን ፕሮሰሱን ራሱን በሚያመለክት መያዣ መላክን ፈቀደ። ይህም የቁጥር መወራረስን አደጋ ያስቀራል። ሃምሳ ዓመት የፈጀው ጉዞ የሚያስተምረን ይህን ነው፤ የተጻፈ ቁጥር ትናንት ማን እንደ ነበረ ይነግረናል፤ ዛሬ ማን እንዳለ የሚመሰክረው ግን ከርነሉ ነው።