በዓልና ዐዋጅ በፈረንሳይ አገር

የአንድን ሕዝብ ጠባይ ለመረዳት የሚፈልግ መንገደኛ ሕንጻውንና ድልድዩን ከመቍጠሩ በፊት በዓሉን ቢመለከት ይበልጥ ይጠቀማል። ሰው በሥራ ቀን የሚያደርገውን የሚያደርገው አለቃው ስላዘዘው ወይም ኑሮው ስላስገደደው ነው፤ በበዓል ቀን የሚያደርገውን ግን አባቱ ሲያደርግ ስላየ ነው። ስለዚህ በዓል የሕዝብ ጠባይ መስተዋት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

እኛም በፈረንሳይ አገር በተዘዋወርንበት ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን አንድ ነገር ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት በ1905 ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን በሕግ የለየ መንግሥት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ዓመትና ወር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ይሁን እንጂ በመላው አገር በሕግ ከሚከበሩት 11 በዓላት 6ቱ የክርስቲያን በዓላት ናቸው፤ እነርሱም የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ዕርገት፣ የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ፣ በኦገስት 15 የሚውለው ፍልሰታ፣ በኖቬምበር 1 የሚውለው የቅዱሳን ሁሉ በዓልና ልደት ናቸው። የቀሩት 5ቱ አዲስ ዓመት፣ ሜይ 1፣ ሜይ 8፣ ጁላይ 14ና ኖቬምበር 11 ናቸው። ከሃይማኖት የተለየ መንግሥት የሃይማኖት በዓል እንዴት ሊያከብር ቻለ? የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በሕግ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በዐዋጅና በልማድ መካከል ከተደረገው ረጅም ትግል ነው።

ከ1789 አስቀድሞ በፈረንሳይ አገር ዓመቱን የሚመራው የቤተ ክርስቲያን ደወል ነበር። ገበሬው የሚዘራበትን፣ ጭሰኛው የመሬቱን ኪራይ የሚከፍልበትን፣ አሽከር ከጌታው ጋር የሚዋዋልበትን ቀን የሚያውቀው በቅዱሳን ስም ነበር። ሬቮሉሲዮን የተባለው ታላቁ የሕዝብ መነሣት ንጉሡን ከዙፋኑ ካወረደ በኋላ ግን የአዲሱ መንግሥት መሪዎች የቀን አቈጣጠር በካህናት እጅ እስካለ ድረስ አሮጌው ሥርዐት ከሰው ልብ አይወጣም ብለው አሰቡ። ስለዚህ ብሔራዊው ጉባኤ በኦክቶበር 1793 አዲስ የቀን መቍጠሪያ ዐወጀ። የሒሳቡን ሥራ የመራው ዢልቤር ሮም ሲሆን ለወራቱ ስም ያወጣላቸው ባለቅኔው ፋብር ዴግላንቲን ነው። የዘመኑም መነሻ የንጉሥ አገዛዝ የተሻረበት ማግስት፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1792 ሆነ። የወይን ለቀማው ወር ቫንዴሚየር፣ የጉሙ ወር ብሩሜር፣ የቡቃያው ወር ዤርሚናል፣ የሙቀቱ ወር ቴርሚዶር ተባሉ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ አቈጣጠር ውስጥ እንግዳ ያልሆነ ነገር አለ። ዓመቱ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና በመጨረሻው 5 ወይም 6 ትርፍ ቀኖች ነበሩት፤ ይኸውም በጥንት ግብጻውያን ዘንድ የተጀመረው፣ እኛም እስከ ዛሬ ከነጳጉሜን የምንቈጥርበት ስልት ነው። አዲሱም ዓመት የሚገባው እንደ እኛው በመስከረም ነበር። ልዩነቱ ግን በመልኩ ሳይሆን በመንፈሱ ነው። በእኛ ዘንድ የወሩ ቀኖች በቅዱሳንና በመላእክት ስም ሲታሰቡ፣ ፈረንሳዮቹ የቅዱሳኑን ስም አውጥተው የአትክልት፣ የእንስሳና የገበሬ መሣሪያ ስም አገቡበት። ሰባት ቀን የነበረውንም ሳምንት ሽረው ዐሥር ቀን አደረጉት።

መሪዎቹ ሰው ያለ በዓል እንደማይኖር ስለ ተረዱ አሮጌውን በዓል በአዲስ ሊተኩት ሞከሩ። ለአምስቱ ትርፍ ቀኖች የምግባር፣ የብልኅነት፣ የሥራ፣ የሐሳብና የሽልማት በዓል የሚል ስም ሰጡአቸው። ከሁሉ የገነነው ግን በጁን 8 ቀን 1794 በፓሪስ የተደረገው የልዑል ፈጣሪ በዓል ነው። ሥነ ሥርዐቱን ያሰናዳው ስመ ጥሩው ሠዓሊ ዳቪድ ነበር። ሻን ደ ማርስ በተባለው ሜዳ ላይ ሰው ሠራሽ ተራራ ቆመ፤ መዘምራን ተሰለፉ፤ የሐሳቡ አመንጪ ሮቤስፒየርም በሰልፉ ፊት ሆኖ ንግግር አደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በ50ኛው ቀን፣ ጁላይ 28፣ ሮቤስፒየር በጊዮቲን አንገቱ ተቈረጠ፤ በዓሉም ከአመንጪው ጋር ተቀበረ።

የቀን መቍጠሪያው ዕድሜ ከዚህ ጥቂት ቢረዝምም ፍጻሜው የተለየ አልነበረም። በሰባት ቀን አንድ ጊዜ ያርፍ የነበረው ሠራተኛ በዐሥር ቀን አንድ ጊዜ እንዲያርፍ በመታዘዙ አልተደሰተም። በየገጠሩም ሕዝቡ በዐሥረኛው ቀን እየሠራ በእሑድ ማረፉን አልተወም። ናፖሌዎን ይህን ተመልክቶ በ1801 ከሮማው ጳጳስ ጋር ውል ተዋዋለ፤ በሚከተለውም ዓመት ከእሑድ ሌላ 4 በዓላት ብቻ፣ ማለት ልደት፣ ዕርገት፣ ፍልሰታና የቅዱሳን ሁሉ በዓል የዕረፍት ቀን እንዲሆኑ ተወሰነ። አዲሱ የቀን መቍጠሪያም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1806 ጀምሮ ተሻረ። ሁለቱ ሰኞዎች በ1886 ተጨመሩ። የ1905ቱ ሕግ ሲወጣም እነዚህን 6 በዓላት አልነካቸውም፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ የካህናቱ ብቻ ሳይሆኑ የሕዝቡ የዕረፍት ቀን ሆነው ነበር። አልዛስና ሞዜል ግን በ1905 በጀርመን እጅ ስለ ነበሩ የራሳቸውን ሥርዐት እንደ ያዙ ቀርተዋል፤ ስለዚህ በስትራስቡር ከተማ የሚገኝ መንገደኛ በልደት ማግስትም በዓል ሆኖ ቢያገኘው አይደነቅ።

እንግዲህ መንግሥት ያወጀው በዓል ሁሉ ከንቱ ሆኖ ቀረ ማለት ነውን? አይደለም። ጁላይ 14 ለዚህ ምስክር ነው። በዚህ ቀን በ1789 የፓሪስ ሕዝብ ባስቲል የተባለውን ምሽግ ሰበረ፤ በውስጡ የተገኙት እስረኞች 7 ብቻ ቢሆኑም ምሽጉ የንጉሥ ሥልጣን ምልክት ስለ ነበረ መውደቁ አገሩን ሁሉ አናወጠ። ልክ በዓመቱ፣ ጁላይ 14 ቀን 1790፣ በሻን ደ ማርስ የአንድነት በዓል ተደረገ። ሜዳውን ለማሰናዳት መኰንኑም ባለጸጋውም ድኻውም አካፋ ይዞ አብሮ ቈፈረ። በበዓሉ ቀን ዝናብ ሲወርድ ዋለ፤ ጳጳሱ ታሌይራን ቀደሰ፤ ላፋዬት ማለ፤ ንጉሡ ሉዊ 16ኛም ለሕገ መንግሥቱ ማለ።

ሪፑብሊኩ በ1880 ብሔራዊ በዓል ሊመርጥ በተነሣ ጊዜ ደም የፈሰሰበት ቀን በዓል ሊሆን አይገባም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። የቀኑ ደጋፊዎች ግን ማንም ደም ያላፈሰሰበትን ሁለተኛውን ጁላይ 14 አስታወሱአቸው። ሕጉም በጁላይ 6 ቀን 1880 ሲወጣ ቀኑን ብቻ እንጂ ዓመቱን አልጠቀሰም። ከዚህም የተነሣ ድሉን የሚወድ 1789ን፣ ዕርቁን የሚወድ 1790ን እያሰበ ሁሉም በአንድ ቀን ያከብራል። ይህ የሕግ አውጪዎች ጥበብ ነው እንላለን።

ዛሬ በዚያ ቀን ጧት በሻንዜሊዜ ጎዳና የጦር ሠራዊት ሰልፍ ይደረጋል፤ ማታ ርችት ይተኰሳል። እኛ ግን ከሁሉ ይበልጥ የወደድነው በ13ና በ14 ማታ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የየሰፈራቸውን ጣቢያ ከፍተው ሕዝቡን የሚያስጨፍሩበትን ልማድ ነው። በበሩ ላይ የመዋጮ ሣጥን ይቀመጣል፤ በግቢው ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር ይደንሳል። በዚያ ስፍራ በዓሉ የመንግሥት ነው ወይስ የሕዝብ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አሮጌ ልማድ ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ ለማየት ደግሞ በጃንዋሪ መጀመሪያ ወደ አንድ ዳቦ ቤት መግባት ይበቃል። እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት በዓል ፈረንሳዮች ይበልጥ የሚያስቡት የሰብአ ሰገልን ወደ ቤተ ልሔም መምጣት ነው፤ እነርሱንም ነገሥታት ይሉአቸዋል። በዚህ ጊዜ ጋሌት የሚባል ክብ ኬክ ይጋገራል፤ በውስጡም ቀድሞ አንድ ፍሬ ባቄላ፣ ዛሬ ግን ትንሽ የሸክላ ምስል ይደበቃል። ከቤተ ሰቡ ታናሹ ልጅ ከገበታው ሥር ገብቶ ቍራሹ ለማን እንደሚሰጥ ይናገራል፤ ምስሉ የደረሰውም የወረቀት ዘውድ ጭኖ ይነግሣል። በሬቮሉሲዮኑ ዘመን የንጉሥ ስም የተጠላ ስለ ነበረ የእኩልነት ኬክ ይባል ተብሎ ነበር፤ ዳሩ ግን ስሙ አልጸደቀም። ዛሬም ዳቦ ጋጋሪዎች ለፕሬዚዳንቱ ወደ ኤሊዜ ቤተ መንግሥት በሚያቀርቡት ታላቅ ጋሌት ውስጥ ምስል አይጨመርም፤ በሪፑብሊክ ንጉሥ ሊገኝ አይገባምና።

ማንም ሳያዝዘው የተወለደ በዓል ለማየት የሚሻ ሰው በዲሴምበር 8 ወደ ሊዮን ይሂድ። በ1852 በፉርቪየር ኰረብታ ላይ ለሚቆመው የእመቤታችን ሐውልት ምረቃ በሴፕቴምበር ተወስኖ ሳለ የሶን ወንዝ ሞልቶ የሠራተኛውን ሥራ ስላሰናከለ ቀኑ ወደ ዲሴምበር 8 ተላለፈ። በዚያም ቀን ዐውሎ ነፋስ መጥቶ የብርሃኑን ሥነ ሥርዐት ሊያስቀር ሆነ። ወደ ማታ ግን ሰማዩ ሲጠራ ሕዝቡ በየመስኮቱ ሻማ አበራ፤ ከተማውም በብርሃን ተሞላ። ዛሬ ከተማው ብዙ ቀን የሚቆይ ታላቅ የመብራት ትርኢት ያዘጋጃል፤ ሆኖም በየመስኮቱ በብርጭቆ ውስጥ የምትበራው ትንሿ ሻማ አልጠፋችም።

መንገደኛ ሊያውቀው የሚገባ ጥቂት ነገር እንጨምር። በሜይ 1 ሰው ለወዳጁ ሙጌ የተባለውን ነጭ አበባ ይሰጣል፤ በዚያም ቀን ማንኛውም ሰው በመንገድ ዳር ሊሸጠው ይፈቀድለታል። በኖቬምበር 1 ሰዎች ወደ መካነ መቃብር ክሪሳንቴም የሚባል አበባ ይዘው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ለራት የተጋበዘ እንግዳ ይህን አበባ ይዞ ቢሄድ ለባለቤቲቱ ሐዘን እንዳመጣባት ይቈጠራል። ኖቬምበር 11 የ1918ቱ ጦርነት የቆመበት መታሰቢያ ነው፤ ከ1921 ጀምሮ ያልታወቀው ወታደር በድል በር ሥር ዐርፎ ይገኛል።

በዐዋጅና በልማድ መካከል ያለው ትግል ዛሬም አላለቀም። በኦገስት 2003 በደረሰው ብርቱ ሙቀት 15,000 ያህል ሰዎች፣ ይልቁንም ብቸኛ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ሞቱ። መንግሥትም በ2004 ሕግ አውጥቶ ሠራተኛው በጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ያለ ተጨማሪ ደመወዝ እንዲሠራና ገንዘቡ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንዲውል አዘዘ። ዓላማው የሚመሰገን ነበር፤ ሆኖም በሚከተለው ዓመት ብዙ ሰው ወደ ሥራ አልገባም። በ2008 ሕጉ ተሻሽሎ የቀኑ ምርጫ ለአሠሪና ለሠራተኛ ስምምነት ተተወ። የጦርነት መታሰቢያ የሆነው ሜይ 8 ደግሞ በ1975 ተሽሮ በ1981 ተመልሷል። በጁላይ 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ፍራንሷ ባይሩ የመንግሥትን ዕዳ ለማቃለል የፋሲካ ማግስት ሰኞና ሜይ 8 የሥራ ቀን ይሁኑ የሚል ሐሳብ ከሌላ የቍጠባ ዕቅድ ጋር አቀረቡ። በሴፕቴምበር ምክር ቤቱ እምነት ነሥቶአቸው መንግሥታቸው ወደቀ፤ ተተኪያቸውም ሁለቱን በዓላት ለመሻር የቀረበውን ሐሳብ ተዉት።

ከዚህ በተቃራኒ የባህል ሚኒስትሩ ዣክ ላንግ በጁን 21 ቀን 1982 የሙዚቃ በዓል በጀመሩ ጊዜ ተራራ አላስቆሙም፣ ሰልፍም አላዘዙም። ዜማ መሣሪያ ያለው ሁሉ ወደ መንገድ ወጥቶ ይጫወት አሉ እንጂ። በዚያች የዓመቱ ረጅም ቀን ማታ ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ ወጣ፤ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ይወጣል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ፣ ይልቁንም የመንግሥት ሥራ ለያዝን ሰዎች፣ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዐዋጅ ቀኑን ሊወስን ይችላል፤ ደስታውን ግን ሊያዝዝ አይችልም። ሮቤስፒየር ሕዝቡ የሚመለከተውን በዓል ሠራ፤ በዓሉም ሁለተኛ ዓመት አላየም። የ1880ና የ1982 ሰዎች ግን ሕዝቡ ራሱ የሚገባበትን በር ከፈቱ፤ በዓላቸውም ጸና። ወደዚያ አገር የሚሄድ መንገደኛም የሰልፉን ድምቀት ብቻ አይቶ አይመለስ፤ ከገበታው ሥር የተደበቀውን ሕፃንና በመስኮት የምትበራውን ሻማም ይመልከት። የፈረንሳይ ታሪክ እዚያም ተጽፎ ይገኛልና።