የውሻ ደም ጠያቂ

አንድ ሰው ተገድሎ ጠያቂ ሲያጣ «ደሙ የውሻ ደም ሆኖ ቀረ» እንላለን። የምናዝነው ለሰውየው ነው። የውሻው ደምማ ድሮውንም ጠያቂ የለውም፣ አለቀ። ይህ ጽሑፍ ያንን ደም መጠየቅ ስለጀመሩ ሰዎች ነው። ታሪካቸው ከዳር እስከ ዳር የሚያምር ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን መሀል ላይ አዳኞቹ ራሳቸው ገዳዮች ይሆናሉ።

ከለንደን እንጀምር፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ። በ1860 ሜሪ ቲልቢ የምትባል ሴት ሆሎዌይ በሚባለው ሰፈር «የጠፉና የተራቡ ውሾች ጊዜያዊ ቤት» ከፈተች። ነገሩን ያስጀመራት ጓደኛዋ ሣራ ሜጀር ከመንገድ ያነሳችው፣ በረሃብ የደቀቀ አንድ ውሻ ነበር። ታይምስ ጋዜጣ ተሳለቀባት። ድሃ በየጎዳናው በሚወድቅባት ከተማ ለውሻ ቤት መክፈት ለብዙዎች እብደት ነበር። እኛም ጋ ዛሬ ይኸው ይባላል፦ «ሰው ሜዳ ላይ እያደረ ለውሻ?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

በ1862 ቻርልስ ዲከንስ ያዘጋጀው በነበረው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣና የከተማውን አስተያየት ለወጠው። ጽሑፉ ሁለት ዓይነት ውሾችን ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ በአንድ በኩል ለውድድር የቀረቡ ባለ ዘር ውሾች፣ በሌላ በኩል የሆሎዌይ ምስኪኖች። ቲልቢ በ1865 ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ፖሊስ ባለቤት አልባ ውሾችን ከመንገድ እንዲይዝ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ የተያዙትም ወደዚያው ቤት ይጎርፉ ጀመር። በ1871 ቤቱ ዛሬ ወደሚታወቅበት ወደ ባተርሲ ተዛወረ፤ በ1885 ንግሥት ቪክቶሪያ የበላይ ጠባቂው ሆነች።

ስሙ «ጊዜያዊ ቤት» ነበር አይደል? ጊዜው ሲያልቅስ? ባለቤቱ ያልመጣለት ወይም ገዢ ያላገኘ ውሻ ይገደል ነበር። በ1884 ባተርሲ በጋዝ የሚገደልበት ክፍል ገባለት። ያን ጊዜ ይህ እንደ ርኅራኄ ነበር የታየው፤ የቀድሞው አገዳደል ከዚህ የባሰ ነበርና።

ኒውዮርክ ደግሞ ጭካኔዋን አልደበቀችም። ከተማዋ የባዘነ ውሻ ለሚያመጣ ሰው ገንዘብ ትከፍል ስለነበር፣ ልጆች የሰው ውሻ ከደጃፍ እየሰረቁ ያስረክቡ ነበር። የተሰበሰቡት በብረት ጎጆ ታጉረው ኢስት ሪቨር ወንዝ ውስጥ ይነከራሉ። በሐምሌ ወር 1877 በአንድ ቀን ብቻ ከ700 በላይ ውሾች እንዲህ ሞተዋል። የአሜሪካን የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ማኅበር በ1866 የመሠረተው ሄንሪ በርግ ይህን ተቃወመ፤ ማኅበሩ የከተማዋን ውሻ የመያዝ ሥራ እንዲረከብ ሲጠየቅም እምቢ አለ። እሱ በ1888 ከሞተ በኋላ ግን ማኅበሩ ሥራውን በ1894 ተረከበ። ለ100 ዓመት ያህልም ያዘው። መስጠም ቀረ፤ መግደል ግን ቀጠለ። ለእንስሳት ሊሟገት የተቋቋመ ማኅበር በከተማዋ ስም እንስሳ የሚገድል ሆነ።

ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። የመጠለያ ሒሳብ ጨካኝ ነው፤ መግቢያው እንደ ቦይ፣ መውጫው እንደ መርፌ ቀዳዳ። ዛሬ 20 ጎጆ አለህ፤ ነገ 30 ውሻ ይመጣል። እና ምን ታደርጋለህ?

መልሱ ቀስ ብሎ መጣ። በመጀመሪያ መግቢያውን ማጥበብ፤ በ1971 ሎስ አንጀለስ በርካሽ ዋጋ ውሻና ድመት የሚመክንበት የከተማ ክሊኒክ ከፈተች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ቀጥሎ መውጫውን ማስፋት፤ በ1994 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበርና የከተማው የእንስሳት መሥሪያ ቤት ተፈራረሙ። ጤነኛና ጠባየኛ የሆነ፣ ሰው ሊወስደው የሚችል እንስሳ ቦታ ጠበበ ተብሎ አይገደልም ተባባሉ። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በየመጠለያው በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ እንስሳት እንደሚገደሉ ይገመት ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግምቱ ከ1 ሚሊዮን በታች ወርዷል።

ከዚህ ቁጥር ጀርባ ያሉት ቅዳሜ ከሰዓት ወደ መጠለያ ጎራ ብለው «ያቺን ጥቁሯን» ያሉ ተራ ሰዎች ናቸው። አንድ ውሻ ሲወሰድ የሚድነው እሱ ብቻ አይደለም፤ ጎጆው ለሚቀጥለው ይለቀቃል። በኮቪድ ሰሞን ብዙ መጠለያዎች ባዶ ሲሆኑ አይተናል፤ በኋላ የቤት ኪራይና የሕክምና ወጪ ሲንር መልሰው ሞሉ። ስለዚህ ታሪኩ አላለቀም።

እኛ ጋስ? አማርኛ «ጉዲፈቻ» የሚለውን ቃል ያገኘው ከኦሮምኛ ነው፤ ሥሩ ማሳደግ ማለት ነው። «ውሻ በጉዲፈቻ ወሰድኩ» ብትሉ እናቶቻችን ይስቁባችኋል፤ «ልጅ ነው እንዴ?» ደግሞ አዲስ አበባ ላይ «ቤት የሌለው ውሻ» የሚለው ራሱ አሻሚ ነው። የሰፈር ውሻ የማንም ሳይሆን የሁሉም ነው፤ ከአንዱ ቤት ትራፊ ይበላል፣ ከሌላው በር ሥር ያድራል፣ ሌሊት ለሁሉም ይጮኻል። ግን ሲነክስ ባለቤት የለውም፣ ሲታመምም ባለቤት የለውም። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ የማይድን ስለሆነ፣ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። በመርዝ የተለወሰ ሥጋ በየሰፈሩ የተበተነውም በዚሁ ፍርሃት ነው። ክትባት ግን አለ፤ በሽታውን የሚያቆመው የተከተበ ውሻ ነው። ደግሞስ የሁሉም የሆነን ውሻ ማን ይዞ ያስከትባል? ጉዲፈቻው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ማስገባት ባይቻል እንኳ «ይህቺ የእኔ ናት» የሚል አንድ ሰው ያሻል።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ፦ ሰው እያለ ለውሻ? በ1874 ኒውዮርክ ውስጥ ሜሪ ኤለን የምትባል ሕፃን ቤት ውስጥ ትደበደብ ነበር። ሁኔታዋን ያወቀች አንዲት በጎ አድራጊ ሴት የሚረዳት ስታጣ የሄደችው ወደ ሄንሪ በርግ ነው፤ አዎ፣ ወደ እንስሳቱ ሰውዬ። የእሱ ጠበቃ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቀረበው፤ ልጅቷም ከአሳዳጊዋ እጅ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ሕፃናትን ከጭካኔ የሚከላከል ማኅበር ኒውዮርክ ላይ ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹም በርግና ጠበቃው ነበሩበት።

ለውሻ ያዘነው ሰው ለልጅቷም ደረሰ። የማንንም ደም «ጠያቂ የለውም» ብሎ ማለፍ ያስቸገረው ሰው፣ ማለፉን አንዴ ካቆመ ሌላውንም አያልፍም። በሚቀጥለው ጊዜ ሰፈራችሁ ውስጥ ጅራቷን እየቆላች የምትከተላችሁን ስታዩ ይህን አስቡ፤ ከተቻላችሁም አስከትቧት።